«ለረቡዕ አጥቢያ» ብላችሁ ጻፉልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከደብረ ማርቆስ ነው፣ 34 አመት ጠመኔ ይዤ ታሪክ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ከወጣሁ ሁለተኛ አመቴ ነው። ጋዜጣችሁን አዲስ አበባ ደርሶ የሚመለስ ሰው ሲያመጣልኝ ከፊት ገጹ እስከ ማስታወቂያው ሳላስቀር ነው የማነበው፣ ደብዳቤ ጽፌላችሁ ግን አላውቅም። አሁን ያስጻፈኝ ባለፈው ግንቦት እኔና ባለቤቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአገር ስንወጣ የደረሰብን ነገር ነው፣ የኛና የፈረንጅ ሰአት አቆጣጠር ተምታቶብን በረራ አመለጠን። ተመልሰን ለሰው ስናወራ «እኛም'ኮ ልክ እንደዛው ሆነናል» የሚለን በዛ፣ አንዱ ዱባይ ሲሄድ፣ አንዷ ጣልያን ልጇን ልታይ ስትሄድ፣ ሁሉም ሆኖበት ሁሉም አፍሮ በየቤቱ ዝም ብሏል። እኔን ያሳሰበኝ ይሄ ዝምታ ነው፣ አንዳቸው ቀድመው ቢነግሩኝ ኖሮ ልጄን ያን ያህል ባላስጨነቅኳት ነበር።

ጀርመን የምትኖር ልጅ አለችን፣ ከሄደች 11 አመት ሆናት። ጡረታ ስወጣ «አባዬ እድሜህን ሙሉ ስለ ቁስጥንጥንያ ስታስተምር ኖረህ በአይንህ አላየኸው፣ ፈቃድ ልውሰድና ኢስታንቡል እንገናኝ» አለችኝ። ቁስጥንጥንያ ማለት ያሁኑ ኢስታንቡል ነው። እናቷ ሰምታ አለቀሰች፣ ከአገሩ በላይ ልጇን ማየቱ ነው ያስለቀሳት። ትኬቱንም ሆቴሉንም እሷው ከዛው ጨረሰች፣ ቪዛው ትንሽ ጊዜ ቢወስድም ተሳካ። ግንቦትን የመረጥነውም በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ጾም የለም፣ በምግብ አንቸገርም ብለን ነው። ሁሉን ያሰብን መስሎን ነበር።

ትኬቱን በስልክ ላከችልኝ፣ እኔም እዚሁ ማርቆስ አንድ ትኬት ቢሮ ሄጄ በወረቀት አሳተምኩት። የሚሰራው ልጅ ትሁት ነው፣ አየት አደረገውና «አባቴ፣ ረቡዕ ከሌሊቱ 7 ሰአት ከ40 ነው» አለኝ። ቤት ገብቼ ግድግዳው ላይ ካለው ካላንደር ረቡዕን በቀይ እስክሪብቶ ከበብኩት።

ልብ በሉልኝ፣ የነገረኝ ቀን ልክ ነው፣ የነገረኝ ሰአትም ልክ ነው፣ ሁለቱን አንድ ላይ ሲያስቀምጣቸው ነው ስህተት የሆኑት። ትኬቱ ላይ ያለው 01:40 ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ቀን የሚለወጠው እኩለ ሌሊት ላይ ነው፣ በኛ ከሌሊቱ 6 ሰአት ላይ ማለት ነው። በኛ ግን ቀን የሚጀምረው ሲነጋ ነው፣ ከጠዋቱ 12 ሰአት። ስለዚህ «ረቡዕ ሌሊት 7 ሰአት» ሲባል የኛ ሰው የሚገባው ረቡዕ ውሎ፣ ረቡዕ መሽቶ፣ ራት ተበልቶ የሚመጣው ሌሊት ነው። ትኬቱ የሚለው ግን ማክሰኞ መሽቶ ረቡዕ ሳይነጋ ያለውን ሌሊት ነው። መሀላቸው ሙሉ 24 ሰአት አለ። ይሄን የሚለይ ቃል ደግሞ ጠፍቶን አይደለም፣ አባቶቻችን «ለረቡዕ አጥቢያ» ይሉታል። ቤተ ክርስቲያን የሚሳለም ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ ለቅዳሜ አጥቢያ፣ ለእሁድ አጥቢያ ሲባል እንኳን አዋቂ ህጻን አይሳሳትም። ቃሉ እያለን ትኬት ቢሮ ውስጥ አንጠቀምበትም።

ከማርቆስ የተነሳነው እሁድ ነው፣ መንገዱ አይታመንም፣ ሁለት ቀን ቀድመን ብንገባ ይሻላል ብለን። 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ደጀን ላይ አባይ በረሃን ወርደን ጎሃ ጽዮን ወጥተን፣ ማታ አዲስ አበባ ገርጂ የእህቴ ልጅ ቤት ገባን። ማክሰኞ ማታ ዶሮ ተሰርቶልን ሰፈር ተጠርቶ ስንመረቅ አመሸን። የገርጂ ሰው እንደሚያውቀው ከቦሌ የሚነሳው አውሮፕላን እዛ ይሰማል። ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ስገላበጥ አንዱ ሲያጓራ ሰማሁና ባለቤቴን ቀስቅሼ «ነገ ይሄኔ እኛም እንደዚህ ነን» አልኳት። የኛው እሱ ይሁን ሌላ እግዜር ይወቅ፣ ሰአቱ ግን ያው ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ቁርስ ላይ ሆነን ስልክ ተደወለ። ልጄ ናት። «አባዬ የት ናችሁ? እኔ'ኮ መውጫው በር ላይ ከቆምኩ ሁለት ሰአት አለፈኝ፣ ሰው ሁሉ ወጥቶ አለቀ።» እኔም «እኛማ ገርጂ ነን፣ ዛሬ ማታ ነው'ኮ የምንነሳው» አልኳት። ዝም አለች። ያቺን ዝምታ አልረሳትም። ኢስታንቡል ሁለት ኤርፖርት ነው ያለው፣ አንዱ በአውሮፓ በኩል ያለው ትልቁ አዲሱ፣ ሌላው ሳቢሃ ጎክቼን የሚባለው በእስያ በኩል ማለትም ከባህሩ ማዶ፣ እሷ ማክሰኞ የገባችው በሳቢሃ ጎክቼን ነው፣ እኛን ለመቀበል ደግሞ ማልዳ ተነስታ አዲሱ ድረስ ሄዳ ነው የቆመችው። የታመምን፣ ወይ መንገድ ላይ የሆነ ነገር የሆንን መስሏት ነበር።

እንግዲህ ያላወቅነው ሌላ ነገር ተከተለ። ደርሶ መልስ ትኬት ላይ የመጀመሪያውን በረራ ሳትነግር ከቀረህ የመመለሻውም አብሮ ይሰረዛል። መሄጃው ብቻ የተቃጠለ መስሎን ነበር። የእህቴ ልጅ ይዞን ሮጠ፣ ቅጣት ተከፍሎ፣ የዋጋ ልዩነት ተከፍሎ፣ ሁለቱም ወንበር እንደገና ተያዘ። የከፈለችው ልጄ ናት፣ ስንት እንደሆነ እስከ ዛሬ አልነገረችኝም። የባለቤቴ ስም በ«ፀ» ነው የሚጀምረው፣ አዲሱ ትኬት ላይ በእንግሊዝኛ በኤስ ብቻ ተጻፈ፣ ፓስፖርቷ ላይ ግን ቲ እና ኤስ ነው፣ እሱን ለማስተካከል ሌላ አንድ ሰአት ቆምን። አንድ ፊደል ምን ያደርጋል እንዳትሉ፣ ስማችሁን ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩት። አዲሱ በረራ አርብ 01:40 ተባለ፣ እኔም «ሐሙስ መሽቶ፣ ለአርብ አጥቢያ፣ አይደል?» ብዬ ሶስቴ ጠየቅኩ። ልጅቷ ሶስቴም አዎ አለችኝ፣ አልተሰላቸችም፣ እግዜር ይስጣት።

ቦሌ ፍተሻ ላይ ደግሞ ማሩና ቅቤው ተወሰደብን። ማቻከል ያለች እህቴ ለልጄ ብላ የላከችው ማር ነው፣ ቅቤውን ባለቤቴ ራሷ ነው ያነጠረችው፣ እጅ ላይ በሚያዝ ሻንጣ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ አይገባም፣ ማርና ቅቤም እንደ ፈሳሽ ነው የሚቆጠረው። በሚጫነው ትልቁ ሻንጣ ቢሆን ኖሮ ያልፍ ነበር። ባለቤቴ እንዳይፈስ ብላ ነው በእጇ የያዘችው።

መድሃኒቷን ደግሞ በተቃራኒው ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ከተተችው። ግፊት አለባት፣ በየቀኑ ጠዋት አምሎዲፒን ትወስዳለች፣ የሶስት ወር ነው የያዝንላት፣ ብዙ ስለሆነ እጅ ላይ ቦታ እንዳይፈጅ ብለን። አርብ ጠዋት 1 ሰአት ገደማ ኢስታንቡል አረፍን፣ ሻንጣ የሚዞርበት ቀበቶ ጋ ሄድን፣ ዞረ፣ ዞረ፣ የሰው ሁሉ ወጣ፣ የኛ አንዱ ብቻ መጣ። እሱም በሶና ሽሮ ያለበት ነው። መድሃኒቱና ልብሱ ያለበት የለም። እዛ ጋ ወደ ሁለት ሰአት ቆመናል። ለምን ብትሉኝ መጠየቅ አፍረን ነው። እንግሊዝኛ አንብቤ እረዳለሁ፣ ግን ከአፌ አውጥቼ ሰው ፊት መናገር ከበደኝ፣ ባለቤቴም «ሊመጣ ይችላል ትንሽ እንታገስ፣ ሰው አናስቸግር» አለችኝ። ይሉኝታ አገር ቤት ጌጥ ነው፣ እዛ ግን ሁለት ሰአታችንን በላ፣ ልጃችንን ደግሞ በር ላይ ለሁለተኛ ጊዜ አስጨነቅናት።

በኋላ የጠፋ ሻንጣ ወደሚመዘገብበት ጠረጴዛ ስንሄድ ሰዎቹ በጣም ቀና ናቸው። ቦሌ ሻንጣው ሲመዘን የተሰጠንን ቁጥር ያለበት ቁራጭ ወረቀት ጠየቁን። እሷን ቁራጭ ባለቤቴ ፓስፖርቷ ውስጥ አስቀምጣት ነበር፣ ያዳነችን እሷ ናት። ፎርም ሞልተው መከታተያ ቁጥር ሰጡን፣ ይሄን ፎርም ከኤርፖርቱ ሳትወጡ ማስሞላት አለባችሁ። ከተመለስኩ በኋላ እንዳነበብኩት በ1999 እ.ኤ.አ. በሞንትሪያል የተፈረመ አለም አቀፍ ስምምነት አለ፣ ኢትዮጵያም ተቀብላዋለች፣ ሻንጣህ ተሰባብሮ ከደረሰህ በ7 ቀን፣ ዘግይቶ ከደረሰህ ከተረከብክበት ቀን ጀምሮ በ21 ቀን ውስጥ በጽሁፍ ካመለከትክ ካሳ መጠየቅ ትችላለህ። ስንቱ ሰው ሻንጣው ተሰብሮ መጥቶለት «ይሁን፣ የኔ እድል ነው» ብሎ ይዞ ቤቱ ገብቷል።

አሁን ወደ ቅዳሜው ልምጣ፣ ከሁሉም ያስደነገጠኝ እሱ ነው።

ቅዳሜ በማለዳ ልጄ ሻንጣውን ልጠይቅ ብላ ወደ ኤርፖርት ስትወጣ፣ እኛ ገና አልጋ ላይ ነን፣ «አባዬ ሶስት ሰአት ላይ ኤሚኖኑ ጀልባው ጋ ጠብቁኝ፣ በጀልባ ካዲኮይ እንሻገራለን» ብላ ሄደች። ሆቴላችን ሱልጣናህመት ነው፣ ከዛ ኤሚኖኑ በትራም ሶስተኛው ፌርማታ ነው፣ ከአንድ ቀን በፊት አሳይታናለች፣ ካርዱንም ሰጥታናለች። የቱርክ ሰአት ከኛ ጋር አንድ ነው፣ የእጅ ሰአታችንን ማዞር እንኳን አላስፈለገንም፣ ስለዚህ ከአዲስ አበባ ከወጣን በኋላ ስለ ሰአት ማሰብ ትተን ነበር። ለሶስት ሩብ ጉዳይ ስንል ደርሰን ቆምን።

ቦታው ውብ ነው፣ ፊት ለፊት የገላታ ድልድይ፣ ድልድዩ ላይ ተደርድረው መንጠቆ የሚጥሉ ሰዎች፣ ከኋላችን ትልቁ መስጊድና እርግቦቹ። ግን ጀልባው ጋ የተባለው አንድ ቦታ አይደለም፣ ወደ ካዲኮይ የሚሄደው፣ ወደ ኡስኩዳር የሚሄደው፣ ሁሉም የየራሱ መሳፈሪያ አለው። ሶስት ሰአት ሆነ፣ አራት ሆነ። ልጅቷ የለችም። የኛ ሲም እዛ አይሰራም፣ የአገሩን ሲም ደግሞ «ልጃችን አብራን ናት ምን ያደርግልናል» ብለን አልገዛንም፣ ዋይፋይ ለመክፈት ደግሞ በስልክ የሚላክ ኮድ ይጠይቃል። ባለቤቴን አንድ አግዳሚ ላይ አስቀምጬ እኔ ከአንዱ መሳፈሪያ ወደ ሌላው እየተመላለስኩ መፈለግ ጀመርኩ።

በዚህ መሀል ነው ከፊቴ የሚሄድ አንድ ሊስትሮ ብሩሹ ከሳጥኑ ላይ ጠብ ያለችው። ሳያውቅ የጣለ መሰለኝ። አነሳሁለትና ጠርቼ ሰጠሁት። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አመሰገነኝ፣ ወንድሜ አለኝ፣ ምስጋናዬን ጫማህን በመጥረግ ልግለጽ ብሎ ግድ አለኝ፣ እምቢ ማለት ነውር መስሎኝ እግሬን ሰጠሁት። ሲጨርስ የታመመ ልጅ አለኝ አለ፣ ሂሳብ ጠየቀኝ፣ 400 ሊራ። ሰጠሁት። ማታ ሆቴሉ ውስጥ ያለው ሰውዬ ልጄን ጠይቆ ሲሰማ፣ ይሄ ኢስታንቡል ውስጥ የታወቀ ነገር ነው፣ ብሩሿን ሆን ብለው ነው የሚጥሏት፣ የሚያነሳላቸውን ሰው እየመረጡ ነው አለ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ። ገንዘቡ አይደለም ያንገበገበኝ። ማርቆስ ውስጥ ከትምህርት ቤት ወጥተው ጫማ እየጠረጉ የተማሩ ልጆች አስተምሬያለሁ፣ ደብተራቸውን ሳጥናቸው ውስጥ ይዘው የሚመጡ፣ አሁን ጥሩ ደረጃ የደረሱ አሉ። የሊስትሮ ብሩሽ ወድቆ አይቶ አለማንሳት እኔ አይሆንልኝም፣ አሁንም አነሳለሁ። አንስቼ ሰጥቼ ግን መንገዴን እሄዳለሁ፣ ቁሜ ሁለተኛ ቃል አልሰማም።

ወደ ባለቤቴ ስመለስ ፊቷ ልክ አልነበረም። «አንተ ሰው፣ ራሴን እያዞረኝ ነው፣ ምድሩ ይንሸራተትብኛል» አለችኝ። አርብም ቅዳሜም መድሃኒቷን አልወሰደችም፣ ጸሀዩም ከብዷል። እዛ ጋ ነው እኔም ይሉኝታዬን የጣልኩት። ሰሊጥ ያለበት ክብ ዳቦ የሚሸጥ ሰው ነበር፣ ሲሚት ይሉታል፣ ሮጬ ሄጄ እጄን ራሴ ላይ አድርጌ እሷን አሳየሁት። ቋንቋዬን አላወቀም ግን ገባው፣ ጋሪውን ትቶ መጣና በጣቱ ከመንገዱ ማዶ ቀይ የእንግሊዝኛ ኢ ፊደል ያለበት ሰሌዳ አሳየኝ። ኤጅዛኔ ይሉታል፣ ፋርማሲ ነው። ቱርክ አገር ሁሉም ፋርማሲ ላይ ያቺ ቀይ ፊደል አለች፣ ሌሊትና እሁድም በየሰፈሩ ተረኛ ሆኖ የሚያድር አለ። አምቡላንስ ደግሞ 112 ነው፣ ይሄን ልጄ በኋላ ነው የነገረችን፣ በፊት ነበር ማወቅ የነበረብን።

ፋርማሲስቱ አረጋዊ ናቸው፣ ወንበር ሰጧት፣ ግፊቷን ለኩ፣ 175 በ100። ምን እንደምትወስድ ጠየቁኝ። እኔ «የግፊት፣ ትንሽ ነጭ ክኒን» ከማለት ሌላ ምንም አላውቅም፣ አብሬያት 36 አመት ኖሬ የመድሃኒቷን ስም አላውቅም! እሷ ግን ቦርሳዋን ስትበረብር ያለቀ የክኒን ባዶ ሽፋን አገኘች፣ ሐሙስ ጠዋት የመጨረሻዋን ወስዳ የት እንደምትጥለው አጥታ የያዘችው። ሽፋኑ ላይ አምሎዲፒን 5 ሚሊ ግራም ይላል። ሰውዬው አዩና ፈገግ አሉ፣ መድሃኒቱ እዛም ስሙ ያው ነው። አንዷን በውሃ አስዋጧት፣ ቁጭ በይ አሏት። የልጄን ቁጥር ከስልኬ አሳየኋቸው፣ በራሳቸው ስልክ ደወሉልኝ።

«ልጄ የት ነሽ፣ ከሶስት ሰአት ጀምሮ ቆመን» ስላት «አባዬ ምን ሆናችሁ፣ ገና'ኮ ነው፣ ሶስት ሰአት አልኩህ'ኮ» አለችኝ። ሰአቴን አየሁ፣ በኛ ስድስት ተኩል ነው። እሷ የምትለው ሶስት ሰአት የነሱ ነው፣ 15:00፣ በኛ ከቀኑ 9 ሰአት። ልጄ አማርኛዋ ምንም አልጎደለም፣ ተረት ትተርታለች፣ እናቷን ታስቃለች፣ ሰአቷ ግን ሳታውቀው ተቀይሯል። በገዛ አማርኛችን ተነጋግረን ስድስት ሰአት ተራራቅን። ታክሲ ይዛ መጣች፣ እናቷን ስታይ ፋርማሲው ውስጥ ወለሉ ላይ ተንበርክካ እግሯን ይዛ አለቀሰች፣ «እኔ ነኝ ያጠፋሁት» እያለች። ያጠፋው ማንም አይደለም፣ ማናችንም «በማን አቆጣጠር?» የምትል አንዲት ጥያቄ አልጨመርንም እንጂ። ከዛ ቀን ጀምሮ ቤተሰባችን ውስጥ ሰአት ሲነገር «በኛ» ወይ «በነሱ» ሳይባል አያልፍም፣ ጀርመን ስትደውልም እንደዛው ነው።

ሻንጣው እሁድ ማታ ሆቴል ድረስ መጣልን። ሰኞ አያሶፍያ ገባን። ስለሱ ብዙ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር ግን ርእሴ አይደለም፣ ይሄን ብቻ ልበል። ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ተሰርቶ በ537 እ.ኤ.አ. ያለቀ ህንጻ ነው፣ ያሰራው ዮስጢኒያኖስ ከኛው ከዐፄ ካሌብ ጋር በአንድ ዘመን የነበረ፣ ለካሌብም መልእክተኛ የላከ ንጉስ ነው። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንቴ እንደጻፍኩት አላውቅም፣ 1453 ቁስጥንጥንያ ወደቀች፣ ብዬ። ዛሬ መስጊድ ነው፣ የውጭ ጎብኚ ከፍሎ ወደ ላይኛው ፎቅ ይወጣል፣ ለሰው 25 ዩሮ ነው። ሴቶች ራስ መሸፈን ስላለባቸው መግቢያው ላይ ሻርፕ የሚገዛው ብዙ ነው፣ ባለቤቴ ግን ነጠላዋን አጣፍታ ገባች። ላይ ወጥተን የእመቤታችንን ምስል ስታይ እጄን ያዘችኝ፣ ረጅም ሰአት አልተናገርንም። ያን ለማየት የከፈልነው ሁሉ አይቆጨኝም። የሚቆጨኝ ከልጄ ጋር ልንውል የምንችላቸው ሁለት ቀኖች ናቸው፣ ፈቃዷ 8 ቀን ብቻ ነበር፣ ከ11 አመት በኋላ የተገኘ 8 ቀን።

አሁን ልጠይቃችሁ ወደምፈልገው ልምጣ።

በመጀመሪያ ማርቆስም ባህር ዳርም ፍኖተ ሰላምም ትኬት የምትቆርጡ ልጆቼ፣ ብዙዎቻችሁን ሳላስተምር አልቀረሁም፣ እባካችሁ ትኬቱን ስታትሙልን ግርጌው ላይ በእስክሪብቶ አንድ መስመር በአማርኛ ጨምሩበት። «ማክሰኞ ማታ 4 ሰአት ቦሌ ተገኙ፣ በረራው ለረቡዕ አጥቢያ ከሌሊቱ 7፡40 ነው» የምትል። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ቀኑ ሜይ 14 ሲሆን ግንቦት 6 መሆኑን ሁሉም ሰው ካላንደር አይቶ ይደርስበታል፣ ሌሊቱ የየትኛው ቀን እንደሆነ ግን ካላንደር አይነግረውም፣ እናንተ ናችሁ የምትነግሩት። እናትና አባታችሁን ስትልኩ እንዴት አድርጋችሁ ደጋግማችሁ እንደምትነግሯቸው አስቡትና ለኛም እንደዛ ንገሩን።

ለተጓዡ ደግሞ እኔ በልቤ የያዝኩትን ስሌት እነሆ። ትኬቱ ላይ ያለው ሰአት ከ06:00 እስከ 17:59 ከሆነ 6 ቀንሱለት፣ የቀን ነው፣ ቀኑም ያው ነው። ከ18:00 እስከ 23:59 ከሆነ 18 ቀንሱለት፣ የማታ ነው፣ ቀኑም አይለወጥም። ሲቀነስ ዜሮ ከመጣ 12 በሉት። በ00፣ በ01፣ በ02፣ በ03፣ በ04 ወይም በ05 የሚጀምር ከሆነ ግን ተጠንቀቁ፣ 6 ደምሩና ቀኑን አንድ ወደ ኋላ መልሱት፣ ከቤት የምትወጡት በዋዜማው ማታ ነው። ውጭ ያሉ ልጆቻችንም ይሄን አስቡልን፣ ሰአት ስትነግሩን የማን እንደሆነ ጨምሩልን።

ስለ መድሃኒት፣ ከእጅ ሻንጣ እንዳይወጣ፣ የመድሃኒቱ ሳይንሳዊ ስምና መጠኑ በወረቀት ተጽፎ ባልም ሚስትም ቦርሳ ውስጥ ይቀመጥ። ባዶ ሽፋን ባትገኝ ኖሮ እኔ ዛሬ ምን እንደምጽፍላችሁ አላውቅም። ስለ ክትባትም ላንሳ፣ ጎረቤታችን ለህክምና ህንድ ሊሄድ የቢጫ ወባ ክትባት የወሰደው ሊበር ሶስት ቀን ሲቀረው ነው፣ ካርዱ ግን የሚሰራው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነው፣ ህንድ ደግሞ ከኛ አገር ለሚገባ ሰው ካርዱን ትጠይቃለች፣ በረራውን ማራዘም ግድ ሆነበት፣ የሐኪም ቀጠሮውም አብሮ ተላለፈ። አንዴ ከተከተቡ ደግሞ ካርዱ እድሜ ልክ ነው የሚያገለግለው፣ ስለዚህ ለመሄድ ያሰበ ሰው ቪዛው እስኪወጣ ሳይጠብቅ ቢከተብ የሚጎድልበት የለም።

ለናንተ ለዝግጅት ክፍሉ ያለኝ ጥያቄ ደግሞ ይሄ ነው። ስለ ውጭ አገር ጉዞ ስትጽፉ የከተሞቹን ውበት ትጽፉልናላችሁ፣ ደስ ይላል። አንዲት ትንሽ ቦታ ደግሞ ተጉዞ የተቸገረ ሰው ምን እንደገጠመው ራሱ ለሚጽፍበት ብትተዉልን። የገጠር እናቶች ሳይቀሩ አሁን ልጆቻቸው እየጠሯቸው በአውሮፕላን ይሄዳሉ፣ ከሞጣም ከቢቸናም፣ ማንበብ የማይችሉም አሉ፣ እነሱን ኤርፖርት የሚያደርስ የጎረቤት ልጅ አንብቦ ይነግራቸዋል። ስም ባይጠቀስም ይቻላል፣ እኔም ስሜን ያልጻፍኩት ባለቤቴ ሰፈር ውስጥ መወራቱን ስላልወደደችው ነው፣ እንዲጻፍ ግን «ጻፈው፣ ሌላ እናት እንዳትደነግጥ» ያለችኝ እሷው ናት።

ከተመለስን በኋላ ያን ትኬት ያተመልኝን ልጅ ሄጄ አነጋገርኩት። ልቆጣው አልነበረም የሄድኩት፣ ሲሰማ ግን በጣም አዘነ፣ ሂሳቡን ልመልስልዎ እስከማለት ደረሰ። አጥቢያ የሚለውን ነገርኩት። ባለፈው ሳምንት በዛ ሳልፍ ጠርቶኝ አንድ ትኬት አሳየኝ፣ ወደ ጅዳ ለምትሄድ ልጅ ነው፣ ግርጌው ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ለሐሙስ አጥቢያ» ብሎ ጽፎ ሁለት ጊዜ አስምሮበታል።

አክባሪያችሁ
ጡረታ የወጣሁ የታሪክ መምህር
ከደብረ ማርቆስ